ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ

«ሶፍት ያለው ምንድን ነው?» አለኝ አባዬ።

ከሐኪሙ ክፍል ገና መውጣታችን ነበር። ቀኝ እጁ በግማሽ ጀሶና በፋሻ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ለጥፎ አሳይቶናል። «አባት፣ አጥንቱ እዚህ አንጓው ጋ ተሰብሯል። ሶፍት ቲሹውም ክፉኛ ተጎድቷል» ብሎናል። አጥንቱ ለአባዬ ገብቶታል። ሶፍት ግን እሱ የሚያውቀው እጅና አፍ የሚጠረግበትን ወረቀት ነው።

እኔ ድሬዳዋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህንን ነገር ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት አላውቅም። ቲሹ፣ በአማርኛችን ህብረ ህዋስ፣ አራት ዓይነት ነው፤ ሸፋኝ፣ አያያዥ፣ የጡንቻ፣ የነርቭ። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል፣ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ በትክክል ይመልሱታል። አባቴ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝ ግን አፌ ተያዘ። አራቱን ስም ብደረድርለት ምን ይጠቅመዋል? እሱ የፈለገው እጁ መቼ ወደ ሥራ እንደሚመለስ ማወቅ ነው።

አባዬ ሐረር ውስጥ፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ሐረርን የማያውቅ ካለ፣ መኪና ግርግር በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ የሚነሳ ጠባብ መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ ሰፊዎች ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው ይቀመጣሉ። ጨርቁን እዚያው ገዝተህ፣ እዚያው አሰፍተህ፣ ሻይህን ጠጥተህ ሳትጨርስ ልብስህ ይደርሳል። አባዬ በዚያ መንገድ ዕድሜውን ጨርሷል። እኔንም ያስተማረኝ ያ መኪና ነው።

የወደቀው ነሐሴ ላይ ነው። ዝናብ አባርቶ የጀጎል መተላለፊያ ድንጋዮች ገና አልደረቁም። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው ሁለት እጁን ይዘረጋል። ግራ መዳፉ ተላጠ። ቀኝ አንጓው ተሰበረ።

ማታ ሹርባ እየጠጣ ሳለ መልስ ሰጠሁት። «አባዬ፣ ሶፍት ማለት ለስላሳ፣ ቲሹ ማለት ጨርቅ ማለት ነው» አልኩት።

ቲሹ የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። ቲሱ ይሉታል፤ የተሸመነ ጨርቅ ማለት ነው። ቃሉን በሕክምና ውስጥ ያስፋፋው ግዛቪዬ ቢሻ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1802 ሲሞት ገና የ30 ዓመት ሰው ነበር። በዚያች አጭር ዕድሜው ብዙ አስከሬን መረመረ። ማይክሮስኮፕ አልተጠቀመም። የሰውነትን ክፍሎች እየቀቀለ፣ እያደረቀ፣ አሲድ ውስጥ እየነከረ በዓይኑና በእጁ ነበር የሚለያቸው። ልክ አባዬ ጨርቅ እንደሚለይ። ልብም ሆነ ጨጓራ ወይም ሳንባ፣ ሁሉም ከጥቂት ዓይነት «ጨርቆች» የተሰፉ መሆናቸውን አየ። እሱ 21 ቆጠረ። በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ወደ አራት ዋና ዋና ቤተሰቦች ተጠቃለሉ።

የእኛ ቃል ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል። ህዋስ የሚለው ቃል ድሮም ነበረን፤ አምስቱ የስሜት ህዋሳት እንላለን። የባዮሎጂ መጻሕፍት እሱን ወስደው ለትንሿ የሕይወት ክፍል ሰጡት። አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ህዋሳት ሲሰባሰቡ ህብረ ህዋስ ተባሉ። እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ። ለልብስ ሰፊ ሲነገር ግን የፈረንሳዩ ይበልጣል።

አባዬ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው የትኛው ጨርቄ ነው የተቀደደው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ትምህርቱን የምጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው።

ከግራ መዳፉ እንነሳ፤ እሱ ቀላሉ ነው። የቆዳ የላይኛው ድርብ ሸፋኝ ህብረ ህዋስ ነው። ህዋሳቱ ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ ተደራርበው፣ መሀላቸው ክፍተት ሳይተዉ ይቆማሉ። የጀጎልን ግንብ አስቡት። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። የሚገባውም የሚወጣውም በእነሱ ነበር። ሸፋኝ ህብረ ህዋስም እንዲሁ ነው። አፍን፣ አንጀትን፣ ሳንባን፣ የደም ቧንቧን ከውስጥ ይለብጣል። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ላብ የሚያመነጩት ዕጢዎችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሰውነታችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉ። ድሬ ላይ ሚያዝያን ያሳለፈ ሰው ይህን ቁጥር አይጠራጠርም።

የላይኛው ቆዳ የራሱ የደም ስር የለውም። ምግቡ የሚመጣው ከሥሩ ካለው ንብርብር ነው። ስለዚህ ስትላጥ ደም ከወጣ፣ ጉዳቱ ግንቡን አልፎ ወደ ታችኛው ጨርቅ ደርሷል ማለት ነው። የአባዬ መዳፍ ደምቶ ነበር። ሆኖም በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳነ። ሸፋኝ ህብረ ህዋስ ቶሎ ይተካል። የቆዳችን ላይኛ ክፍል በአንድ ወር ገደማ ይታደሳል። የአንጀታችን ገበር ደግሞ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይለወጣል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚፈተግ ጨርቅ ስለሆነ እንዲህ ባይፈጥን አይቆይም ነበር።

ወደ ቀኝ እጁ ልመለስ። በመጀመሪያው ሌሊት የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

የጎረቤት ሰዎች ሊጠይቁት ሲመጡ ብዙዎቹ ወጌሻ ይሻላል ብለው ነበር። ወጌሻን አልንቅም። የወለቀ ትከሻ በእጅ ዳበሳ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የምፈራው ጥብቅ እስሩን ነው። የዚያን ሌሊት ግን ጥብቅ እስር ከሆስፒታልም ሊመጣ እንደሚችል ተማርኩ። ሰባት ሰዓት ላይ አባዬ ቀሰቀሰኝ። ሕመሙ በማስታገሻ አልበረደም። ጣቶቹን ሳያቸው አብጠዋል፤ ነካኋቸው፣ ቀዝቅዘዋል። ቀና ላደርጋቸው ስሞክር ጮኸ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ባጃጅ ፈልገን ተመለስን። ፋሻውን ከላይ እስከ ታች ቆረጡለት። ቀለሙ ቀስ እያለ ተመለሰ።

የሆነው እንዲህ ነው። የክንድ ጡንቻዎች በጠንካራ ነጭ ሽፋን ተጠቅልለው ነው የሚኖሩት። ይህ ሽፋን አይለጠጥም። ጉዳት ሲደርስ ውስጡ ያብጣል። ከላይ ደግሞ ፋሻ ሲጠብቅ እብጠቱ መሄጃ ያጣል። ግፊቱ ይጨምርና ደም ወደ ውስጥ መድረስ ያቅተዋል። ጡንቻና ነርቭ ያለ ደም ብዙ አይቆዩም። ደም ካጡ 6 ሰዓታት ገደማ ሲያልፉ የማይመለስ ጉዳት ይጀምራል። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ አትለፉት። የታሰረ እጅ ወይም እግር ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ያሰረው ወጌሻም ይሁን ሐኪም፣ ወዲያው ይፈታ።

ከሳምንት በኋላ እብጠቱ ሲቀንስ ሙሉ ጀሶ ታሰረለት። ስድስት ሳምንት ተባለ። አጥንት ግን እንዴት ይጋጠማል?

አጥንት ከአያያዥ ህብረ ህዋስ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ሰፊ ነው። ጅማት፣ ስብ፣ ልም አጥንት፣ ደም ሳይቀር እዚህ ውስጥ ናቸው። ተማሪዎቼ ደም ህብረ ህዋስ ነው ስላቸው ሁልጊዜ ይገረማሉ። ፈሳሽ እንዴት ጨርቅ ይሆናል? ምክንያቱ ይህ ነው። በሸፋኙ ህዋሳቱ ተጣብቀው ይቆማሉ። በአያያዡ ግን ህዋሳቱ ተራርቀው፣ ራሳቸው ባመረቱት ወይም በተሸከማቸው ነገር መሀል ይኖራሉ። ያ መሀላቸው ያለው ነገር ጠንካራ ከሆነ አጥንት ነው። ገመድ ከሆነ ጅማት ነው። ውሃማ ከሆነ ደም ነው።

የዚህ ቤተሰብ ዋናው ክር ኮላጅን ይባላል። ከሰውነታችን ፕሮቲን ሢሶ ገደማ የሚሆነው እሱ ነው። አንዱ ክር በጣም ቀጭን ነው፤ ተጎንጉኖ ሲታሰር ግን የሰው ክብደት ይሸከማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ክፍል ውስጥ የምሠራው አንድ ሙከራ አለ። የዶሮ አጥንት አቼቶ ውስጥ ለቀናት ትተዋለህ። አሲዱ የካልሲየሙን ጨው ያሟሟዋል። ስታወጣው አጥንቱ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል። የቀረው ኮላጅኑ ነው። ሌላውን አጥንት እሳት ላይ ብታቃጥለው ደግሞ ኮላጅኑ ይጠፋል፤ ቅርጹ ይቀራል፣ ነካ ስታደርገው ግን ይፈረካከሳል። አጥንት የሁለቱ ስምምነት ነው።

ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይረጋበታል። በደሙ ላይ ኮላጅንና ልም አጥንት ይዘረጋል። አባዬ ይህን ስነግረው «ዘምዝሞ መያዝ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ዋናውን ስፌት ከመስፋቱ በፊት በረጅም ክር ያያይዘዋል። ከዚያ ካልሲየሙ ይገባበትና ይጠነክራል። ጀሶው ሲፈታም ሥራው አላለቀም። አንዳንድ ህዋሳት ትርፉን አጥንት እየበሉ፣ ሌሎቹ አዲስ እየገነቡ ለወራት፣ ለዓመታትም ቅርጹን ያስተካክሉታል። ሳይሰበርም ይህ አይቆምም። በየዓመቱ ከአጥንታችን 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል።

እትዬ ጎረቤታችን በእነዚያ ሳምንታት ዘይቱን፣ ማለትም ጓቫ፣ በፌስታል እየሞላች ታመጣ ነበር። የሚበላ ነገር ነው ብላ ነው። እኔ ግን ደስ የሚለኝ ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ሰውነት ኮላጅንን አጠንክሮ ለመጎንጎን ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ዘይቱን በዚህ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ድሮ ለወራት አትክልትና ፍራፍሬ ሳያገኙ ባሕር ላይ የሚቆዩ መርከበኞች ድዳቸው ይደማ ነበር። የዳነ የቆየ ቁስላቸው እንኳ ተመልሶ ይከፈት ነበር። ኮላጅን አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለምና። የዳነ የሚመስለን ጠባሳ በየቀኑ እየተጠገነ ነው የሚኖረው።

ጀሶው መስከረም መጨረሻ ላይ ተፈታ። ክንዱን ሳየው ደነገጥኩ። ግማሽ ሆኗል።

ጡንቻ እንዲህ ነው። ካልሠራ ይመነምናል። ደግነቱ ያነሰው በዋናነት የክሮቹ ውፍረት ነው፤ አብዛኞቹ ክሮች አሉ። ሥራ ሲጀምሩ መልሰው ይወፍራሉ። አባዬ ለስላሳ ኳስ እየጨበጠ፣ እርጥብ ፎጣ እየጠመዘዘ መለሳቸው። እንደ ክንድ ጡንቻ በፈቃዳችን የሚታዘዙት ከ600 በላይ ናቸው። ሳናዛቸው የሚሠሩም አሉ፤ የአንጀት፣ የደም ቧንቧ፣ ብርድ ሲመታን ፀጉራችንን የሚያቆሙት ትንንሾቹ። የልብ ጡንቻ ብቻውን ሌላ ነው። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። ከሞተ ግን ራሱን የመተካት አቅሙ እጅግ ትንሽ ነው። ቦታው በጠባሳ ይሞላል። ጠባሳ ኮላጅን ነው፤ ቀዳዳውን ይጥፋል፣ ይይዛል፣ አይመታም። የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

የአንጓው ጅማቶች ዘግይተዋል። ጅማት የሚያገኘው ደም ጥቂት ነው። ደም ያልበዛበት ጨርቅ ቶሎ አይጠገንም። የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ደግሞ የደም ስር ጭራሽ የለውም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ሁሉ ይህን በሕይወቱ ያውቀዋል። በነገራችን ላይ አማርኛችን ለጅማት ቸር ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ አንዳንዴ ነርቭንም ጅማት እንላለን። ሰው ጅማቴን አመመኝ ሲል የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚድኑበት ጊዜ አንድ አይደለምና።

አባዬን ያስጨነቀው ግን አራተኛው ጨርቅ ነው።

ከወደቀ ቀን ጀምሮ አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚውና የመሀል ጣቱ ደንዝዘዋል። የቀለበት ጣቱ ደግሞ ግማሹ ይሰማዋል፣ ግማሹ አይሰማውም። ይህን ሲነግረኝ ያጋነነ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ፈገግ አለ። አንድ ነርቭ በአንጓው መሀል አልፎ ሦስቱን ጣቶችና የቀለበት ጣትን ግማሽ ይይዛል። ሌላው ግማሽ የሌላ ነርቭ ነው። አባዬ ያለ መጽሐፍ ድንበሩን በትክክል አግኝቶታል። ነርቩ በስብራቱና በእብጠቱ ተጨፍልቋል፤ አልተቆረጠም።

ለልብስ ሰፊ እነዚህ ሦስት ጣቶች ምን እንደሆኑ ማስረዳት አያስፈልገኝም። መርፌ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጨርቅ የሚያነቡትም እነሱ ናቸው። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን የጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ካውያ ነካ። አልተሰማውም። አብሮት የሚሠራው ልጅ አይቶ ነው እጁን የሳበው። ውሃ ከያዘው ቁስል ይልቅ ያሳመመው አለማመሙ ነው። «ጣቱ የኔ አይደለም» አለኝ ማታ በስልክ።

በዚያ ቅዳሜ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ስገባ ነርቭን ላስረዳው ወስኜ ነበር። የነርቭ ህዋስ መልእክት የሚያስተላልፍ ህዋስ ነው። ከጣት ጫፍ ስሜት የሚያመጣው ህዋስ ዋና አካሉ ያለው አንገት አጠገብ፣ አከርካሪው ጎን ነው። ከዚያ የሚወጣው ክር እስከ ጣት ጫፍ ይወርዳል። አንድ ህዋስ፣ አንድ ሜትር የሚጠጋ ክር። ክሩ አንጓ ላይ ሲጨፈለቅ ከዚያ በታች ያለው ይሞታል። አንገት ላይ ያለው ግን ሕያው ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ክር ከተበጠሰ ተመልሶ አያድግም ማለት ይቻላል። እጅ ላይ ግን ያድጋል። ክሩን የሚያቅፉት ረዳት ህዋሳት የሞተውን ያጸዳሉ፤ ባዶውን ቧንቧ ለአዲሱ ክር መንገድ አድርገው ይጠብቃሉ።

«በምን ፍጥነት?» አለኝ።

«በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል።»

አንገቱ ላይ የማይለየውን ሜትር አወረደ። አንዱን ጫፍ አንጓው መታጠፊያ ላይ አደረገ፣ ሌላውን የመሀል ጣቱ ጫፍ ላይ። 18 ሳንቲም። «180 ቀን» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ ሲል አየሁት። ጣቱ ያልተመለሰው ስለማይመለስ ሳይሆን መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። የሥራ ጊዜ ተሰልቶ ሲነገረው መጠበቅ የሚችል ሰው ነው።

እያደገ መሆኑን የምናይበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ጁል ቲኔል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የቆሰሉ ወታደሮችን ነርቭ ይከታተል ነበር። የሚያድገው ክር ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ በጣት ቀስ ብሎ ሲመታ፣ በሽተኛው ወደ ጣቱ የሚነዝር ስሜት ይሰማዋል። ከሳምንታት በኋላ ያ ነጥብ ወደ ፊት ሄዶ ይገኛል። መሣሪያ አይፈልግም። ከሐኪሙ ጋር ሳለን አሳየን። አባዬ ሦስቴ ሲያስደግመው ዝም ብሎ አየው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አበጀን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ እንቀመጣለን። ግራ ጣቱን አጥፎ ከአንጓው ጀምሮ ወደ ጣቶቹ ቀስ እያለ ይመታል። «እዚህ የለም። እዚህ የለም። እዚህ!» ይላል። የልብስ ጠመኔውን አንስቶ እዚያ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከአንጓው ይለካና ጨርቅ በሚመዘግብበት ደብተር ላይ ይጽፋል። ኅዳር ላይ የመዳፉን መሀል አለፈ። ታኅሣሥ ላይ የጣቶቹ ሥር ደረሰ። አንዳንድ ሳምንት ብዙም ለውጥ የለም፤ ያኔ ደብተሩን ዘግቶ ቶሎ ወደ መኪናው ይመለሳል። አጠገቡ ያሉት ሰፊዎችም ነገሩን ለምደውታል። «ዛሬስ የት ደረሰ?» ይሉታል፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ እንደሚጠይቁ ሁሉ።

ጥር መጨረሻ ላይ ነው ይህን የምጽፈው። ትናንት ሐረር ነበርኩ። አውራ ጣቱ ተመልሷል። ጠቋሚው ሞቅና ቀዝቀዝ ያለን ይለያል፤ ፖፕሊንን ከካኪ ግን ገና አይለይም። የመሀል ጣቱን መታ፣ መታ፣ ቆመ። ጠመኔውን አነሳ። ሜትሩን ዘረጋ።

«ሁለት ሳንቲም ቀረኝ» አለኝ፣ እና ደብተሩን አቀበልኩት።